የጋሽ መልከጼዴቅ ረጃጅም ቅጽሎች

ጋሽ መልከጼዴቅ ሰውን የሚመዝነው በቃል ርዝመት ነው። አንድ ክፍለ ቃል ባለው ቃል የሚናገር ሰው ለእሱ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። አራትና አምስት ካለው፣ የተማረ ነው። ስድስት የሚደፍር ሰው ግን እስካሁን አንድ ብቻ ነው ያገኘው፤ እሱም ራሱ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነው፣ ነውር ይሆንብኛል። በልቤ ግን አንቱታው ካለቀ ቆይቷል፤ እዚህም አልመልሰውም።

ላስ ቬጋስ የገባው በዲቪ ነው፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት። አዲስ አበባ እያለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ ይላል። የሰፈሩ ልጅ የሆነው ታክሲ ነጂው አወል ግን በደንብ ያውቀዋል። ኮልፌ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። አስተማሪ ሲቀር ክፍል ገብቶ ልጆቹ እንዳይረብሹ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይነግረውም። እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ የነበረበትን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሾፌር የነበረው «የትራንስፖርት ኃላፊ» ይሆናል፤ ሱቅ ጠባቂው «ነጋዴ» ይሆናል። ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ ብዬ ያመንኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሱም ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ውሸቱን ለማስታወስ ስለሚደክመኝ ነው።

ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ አድራሻ ይለጥፋል። አብረውት የሚሠሩት ሜክሲኮዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በስፓኒሽ ያወራሉ። እሱ ደግሞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲነበቡ ያዳምጣል፤ ተከትሎም ይደግማል። እንግዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛውን ያወራው ለካርቶን ነው። ካርቶን ደግሞ አልገባኝም አይልም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቲቸር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቻይናታውን ውስጥ፣ ከአንድ የቬትናም ሾርባ ቤት ጀርባ አዳራሽ ተከራይታለች። እሁድ የሚዘመርበት አዳራሽ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛ ክፍል ይሆናል። ጋሽ መልከጼዴቅ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ይመጣል። ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ቅጽል በአማርኛ ፊደል ይጽፋል። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ እንደ ሥጋ ይከታትፈዋል።

«ይሄ ከፊት የተለጠፈ ነው፤ ይቆረጥ። ይሄ ከኋላ የተለጠፈ ነው፤ ይቆረጥ። ምን ቀረ? ሥሩ!»

ሥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከጠየቅነው «እሱን መዝገበ ቃላት ላይ ታገኙታላችሁ» ይላል። እኛ የምናገኘው ግን ከክፍሉ ስንወጣ የሚጠብቀንን የሺፍት ሰዓት ነው።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ።

«ኢን፣ ዲ፣ ስፔን፣ ሰ፣ ብል» አለ፣ በያንዳንዱ ላይ ጣቱን እያነሳ። «ስንት ነው?»

«አምስት» አልን።

«ክብደቱ የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

አወል እጁን አወጣ። አወል እስላም ነው፤ ክፍሉ ነፃ ስለሆነና ሾርባ ቤቱ በር ላይ ተሳፋሪ ስለማይጠፋ ነው የሚመጣው። «መጀመሪያው ላይ ይረፍ ጋሽዬ፣ ቶሎ እንገላገል» አለው።

ጋሽ መልከጼዴቅ አልሳቀም። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ጠረጴዛውን ቀጠቀጠው። «ኢን ዲ ስ-ፔ-ን! ሦስተኛው ላይ! የእናንተ ችግር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁሉንም እኩል ትረግጣላችሁ። ሰልፍ ላይ ያላችሁ ይመስል ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እንግሊዝኛ እንደዚያ አይሄድም። እንግሊዝኛ ያነክሳል! አንዱን ከበድ፣ ሌላውን ቀለል!»

«ማነከስ ከሆነማ እኔ ጎበዝ ነኝ» አለች ፀዳለ ከአጠገቤ።

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ብቻ «ትኩረት!» አለ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ አልተሳሳተም። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምሠራበት ሆቴል እንግዶች «ኮም-ፎር-ታ-ብል» እያልኩ ነበር፣ አራቱንም እኩል እየረገጥኩ። እንግዶቹ ፊታቸውን አጨማደው ያዩኛል። አንድ ቀን ክብደቱን መጀመሪያው ላይ ጣልኩና የቀረውን ዋጥ አደረግኩት፤ ትራስ የለወጥኩላት ሴትዮ ወዲያው ገባት። ይህን ያህል ጠቅሞኛል። የአንድ ዓመት ቅዳሜዬን ሰጥቼ አንድ ቃል አስተካከልኩ።

ፀዳለ እኔ የምሠራበት ሆቴል ነው የምትሠራው፤ ሁለታችንም ክፍል እናጸዳለን። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በቀን አሥራ አራት ክፍል ይደርሳታል። አሥራ አራት ክፍል ማለት አሥራ አራት ባኞ ነው፣ ለያንዳንዱ ባኞ መንበርከክ ነው። የቀኝ ጉልበቷ ባለፈው ዓመት ያብጥ ጀመር። ሐኪሙ እንዳትንበረከክ፣ ከባድ እንዳታነሳ የሚል ወረቀት ጻፈላት፤ በዚህ ከቀጠልሽ ከዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ነው አላት። ቀዶ ሕክምና ማለት ከሥራ መቅረት ነው። ከሥራ ከቀረች ኢንሹራንሱ ይቋረጣል። ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን የሚከፍል የለም። እዚህ አገር ነገር የሚዞረው እንዲህ ነው።

በዚህ መሀል የስልክ ክፍሉ ውስጥ አንድ ቦታ ተከፈተ። ሥራው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ማዳመጫ አድርገሽ፣ እንግዳ ደውሎ ፎጣ ጎደለኝ፣ ሳሙና አለቀብኝ ሲል ሰምተሽ ለፎቁ ሠራተኛ ማስተላለፍ ነው። ደመወዙ ያው ነው። ግን ወንበር አለው። ፀዳለ ወንበሩን ፈለገችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችውን ነገር አላየሁም።

«ነይ፣ እኔ እንግዳ ልሁን» አልኳት። «ልደውልና ፎጣ ልጠይቅሽ።»

በምሳ ሰዓት አንሶላ የሚታጠፍበት ክፍል ገብተን ተለማመድን። እኔ ተቆጪ እንግዳ ሆኜ እጮኽባታለሁ። እሷ ቁጥሩን ትደግምና «ዋን ሞመንት» ትለኛለች። በአራት ቀን ወጣላት። በዚህ ብታቆም ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

እሷ ግን ልቧ አላረፈም። ቅዳሜ ጋሽ መልከጼዴቅ ዘንድ ሄደች። ፎጣ የሚለውን ሲሰማ የተሰደበ መሰለው።

«ፎጣ? ፎጣ ማንም ይላል! ኢንተርቪው ላይ የምትጠየቂው ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ ነው። ምን ዓይነት ለሚለው መልሱ ምንድን ነው?»

«እኔንጃ ጋሽዬ።»

«ቅጽል! እኔ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ሲያነቡት ከወንበራቸው ይነሳሉ።»

«እኔ እኮ የምፈልገው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው» አለች ፀዳለ፤ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እሱም አልሰማትም።

በሳምንቱ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ቆሞ አነበበልን፤ አንብቦም ተረጎመልን። «ኢንዲፋቲገብል፤ ስድስት ነው! የማትደክም ማለት ነው። ኢንዲስትራክተብል፤ የማትሰበር። ኢንኤግዞስተብል፤ አቅሟ የማያልቅ። አንኮምፕሌይኒንግ፤ በምንም የማታማርር።» በያንዳንዱ ላይ ቁልፉን አንኳኳ። ሲጨርስ ክፍሉ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ፓስተር ተረፈ እንደ ቤተ ክርስቲያን መሪ ፈረመ፤ እኔ እንደ ሥራ ባልደረባ ፈረምኩ፤ ጋሽ መልከጼዴቅ ከሁላችን በላይ፣ በትልቁ ፈረመ።

ያ ደብዳቤ ምን እንደሚል ሁላችንም ሰምተናል። የፀዳለን ጉልበትም ሁላችንም እናውቃለን፤ ደረጃ ስትወጣ የደገፍናት እኛ ነን። ግን አንዳችንም ሁለቱን አላገናኘንም። ሰው ስናማልድ እንዲህ ነን። ለልጅ ሚስት ስንጠይቅ ጨጓራውን ያመዋል አንልም። ለሰው ሥራ ስንለምን ቀን ከሌት ቢሠራ አይደክመውም እንላለን። ሕመም ለሐኪም ይነገራል፤ አለቃ ፊት የሚቀርበው ጤና ብቻ ነው። ስለዚህ የማትደክም ሲባል ለእኛ ልክ መጣ፤ ወጉ ነውና። ፀዳለም አመስግና ደብዳቤውን ተቀበለች፤ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፤ ቢሮ አስገባችው።

ማክሰኞ ማኑ ሁለታችንንም አስጠራን። ማኑ የክፍላችን ኃላፊ ነው፣ ህንዳዊ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለክፋት የሚሆን ጊዜም የለውም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጧል።

«ይሄ ወረቀት ጉልበቷ ተጎድቷል፣ ክፍል ማጽዳት አትችልም ይላል» አለ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ። «ይሄኛው ደግሞ...» ቃሉን ሊያነበው ሞከረና ተወው። «ይሄኛው ደግሞ አትደክምም፣ አትሰበርም፣ አቅሟ አያልቅም ይላል። አንቺም ፈርመሻል። የትኛው ነው እውነቱ?»

ፀዳለ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ «ጋሽ መልከጼዴቅን ፈረንጅ ፊት ላዋርዳቸው?» አለችኝ።

«ፈረንጅ አይደለም፣ ህንድ ነው።»

«ያው ነው።»

«ጋሽ መልከጼዴቅ ባኞ አያጥቡልሽም ፀዳለ።»

ማኑ ሰዓቱን አየ። ፀዳለ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችና «ማይ ኒ ባድ። ኤቭሪ ደይ ባድ» አለችው።

ማኑ ወዲያው ገባው። «ባድ» አንድ ክፍለ ቃል ነው። ከፊቱ የሚቆረጥ የለው፣ ከኋላው የሚቆረጥ የለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አነሳ፤ እንግዳ መስሎ ሦስት ፎጣ ወደ አሥራ አንደኛ ፎቅ ብሎ ጠየቃት። እሷም ቁጥሩን ደግማ መለሰችለት። «ጥሩ ነው» አላት። ለሥራው ትሆኛለሽ ማለቱ ነው።

ነገር ግን ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገብቷል አለን። ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ወደ ላይ ቢሮ ከሄዱ፣ ይቺ ሴትዮ ወይ ሐኪሙን ወይ እኛን ዋሽታለች ይላሉ። ቦታውን ብቻ ሳይሆን የጉልበቱንም ጉዳይ ይዘጉባታል። ስለዚህ ደብዳቤውን የፈረሙት ሦስቱም ሰዎች ቃላችንን ሰርዘናል ብለው መፈረም አለባቸው። አንድ ወረቀት አተመልን። «ዓርብ እስከ እኩለ ቀን» አለ። «ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል።»

እኔ እዚያው ፈረምኩ። ረቡዕ ፓስተር ተረፈ ዘንድ ሄድን። ነገሩን በአማርኛ አንድ በአንድ ነገርነው። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«በእውነቱ ያን ቀን ልቤ ስብከቱ ላይ ነበር» አለ። «እኔስ እሺ፣ እፈርማለሁ። ወንድም መልከጼዴቅ ግን...» ሳይጨርስ ፈረመ።

መጨረስም አላስፈለገውም። ሁላችንም ዓቢይን እናውቃለን። ዓቢይ ኳየር ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነው፤ እዚሁ ነው ኮሌጅ የጨረሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ክፍል ገብቶ ሳለ ጋሽ መልከጼዴቅ «ኮም-ፔ-ረ-ብል» ብሎ ሁለተኛው ላይ ቁልፉን ሲያንኳኳ፣ ልጁ በትሕትና «መጀመሪያው ላይ መሰለኝ ጋሼ» አለው። ጋሽ መልከጼዴቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አይለውም። አምልኮ ላይ ልጁ የሚጫወትበት ጎን አይቀመጥም። ለአንዲት ክፍለ ቃል ሁለት ዓመት የሚያኮርፍ ሰው፣ ደብዳቤህ ሐሰት ነበር ብለህ ፈርም ሲባል ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ፀዳለ መኪና ውስጥ አለቀሰች። «እኔ አልሄድም ዕንቁዬ። ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ለእኔ ብለው እኮ ነው የደከሙት። ይቅርብኝ፣ ክፍሌን አጸዳለሁ።»

«ጉልበትሽስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። ደብዳቤውን የጻፈው ነው የማያውቀው» አልኳት።

ሐሙስ ዕረፍቴ ነበር። ወረቀቱን ይዤ በአይ ፊፍቲን አውራ ጎዳና ወደ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነዳሁ። መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው ልመና ነበር፤ እርስዎ አባታችን ነዎት የሚል። ሁለተኛው ቁጣ ነበር፤ መዝገብ ቤቱንም፣ ኮልፌንም፣ ሁሉንም የሚያፈርጥ። ሦስተኛው ፓስተሩ ፈርመዋል፣ እርስዎ ከፓስተር ይበልጣሉ ወይ የሚል ነበር። ከሦስቱ የትኛውንም ለመናገር አልፈለግሁም። ከዚያ ሰውዬ ጋር መጣላት ራሱ ክብር መስጠት ይመስለኛል። ግን የፀዳለ ነገር ነው፤ ነዳሁ።

መጋዘኑ ፓርኪንግ ላይ ምሳ ሰዓት ደረስኩ። መኪናው ውስጥ በሩን ከፍቶ ከፕላስቲክ ዕቃ ይበላል። የሥራ ልብስ ነው የለበሰው፤ ክራቫቱ ግን መስተዋቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያየኝ አፉን በፍጥነት ጠረገ።

«ምነው ዕንቁ፣ በደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሽዬ። ይብሉ፣ አያቋርጡ።»

«እዚህ ድረስ ስትመጪ...»

«ከሆቴሉ ወረቀት ይዤ ነው። ስለ ፀዳለ ደብዳቤ ነው።»

«መልስ ሰጡኝ?» አለ። ፊቱ በራ። እኔ ልቀጥል ስል ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው፤ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ።

ከዚያ ማንበብ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ። የማኑ ወረቀት የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በጆሮዬ ከሦስት ቃል አንዱን ነው የምይዘው፤ የሚለውን ግን ማኑ በቀላል ቃል አስረድቶኝ ነበር። ደብዳቤው ማስረጃ የለውም፣ ስለዚህ ቃሌን ሰርዣለሁ፣ ስረዛውም አይቀለበስም፤ ይኸው ነው። እሱ አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ መሪው ላይ እየቆጠረ ደገማት።

«አን፣ ሰብ፣ ስታን፣ ሺ፣ ዬይ፣ ትድ። ስድስት ነው ዕንቁ! ክብደቱ ሦስተኛው ላይ። ስታን!» መሪውን መታው። ዝቅ ብሎ ሌላ አገኘ። «ኢሬቮከብል። አምስት። ይሄ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።» መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ማነው የጻፈው?»

«አለቃችን።»

«የተማረ ሰው ነው። ሰው ሰውን በቋንቋው ያውቀዋል፤ ደብዳቤዬን ሲያይ በምን ልመልስለት ብሎ ተጨንቋል ማለት ነው። አየሽ? ፎጣ፣ ፎጣ ስትሉ ነበር። የት ላይ ነው የምፈርመው?»

አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጋሽዬ፣ ይህ ወረቀት እርስዎን ሐሰተኛ ነው የሚልዎት፣ ልለው ነበር። ሦስቱም ንግግሮች ምላሴ ላይ ተደርድረው ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ የስኳር ምርመራ ሲሄድ «ምስክር ሁኚኝ» ብሎ ክሊኒክ ወስዶኝ ነበር። ነርሷ አለርጂ አለብህ ወይ ስትለው ወደ እኔ ዞረ። ስንት ሰዓት በላህ ስትለው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ተረጎምኩለት። በዚያን ጊዜ ኩራት መስሎኝ ነበር፤ ከነርስ ጋር አልነጋገርም ማለቱ መስሎኝ። ለካ ቃሉን ቆራርጦ፣ ክብደቱን ለክቶ፣ በሚያምር ድምፅ አንብቦት ሲያበቃ የገባው ምንም የለም። ያጠናቸውን ቃላት ያውቃቸዋል። ከዚያ ውጭ ያለውን እንደ ካርቶኑ ነው የሚያነበው፤ አድራሻውን ለጥፎ ያሳልፈዋል፣ ውስጡ ያለውን አይከፍተውም።

ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። አለማወቅ ነውር አይደለም፣ እኔም አላውቅም። ግን እኔ ሳላውቅ ማንንም ቁልፍ እያንኳኳሁ አላስተማርኩም፣ ለማንም ጉልበት ደብዳቤ አልጻፍኩም። «ምን ማለት ነው?» የሚለውን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ እውነቱን እነግረው ነበር። ቆሜ ጠበቅኩት። አልጠየቀኝም።

«እዚህ ታች ላይ ነው ጋሽዬ፣ ሦስተኛው መስመር» አልኩት።

እስክሪብቶውን አወጣ፤ ከፓስተሩም ከእኔም በላይ በሰፊው ፈረመ፤ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመረበት። ምሳውን ቅመሺ አለኝ። በልቻለሁ አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ማኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሰኞ ፀዳለ ስልክ ክፍል ገባች። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ደውላ «ዕንቁዬ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ» አለችኝ።

እሁድ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ጋሽ መልከጼዴቅ ተነሳ። ማይክ ያዘ። «የጻፍኩትን ደብዳቤ ሆቴሉ ተመልክቶ በከፍተኛ እንግሊዝኛ የተጻፈ መልስ ሰጥቶኛል» አለ። «በፊርማዬ አጽድቄ መልሻለሁ። እህታችንም እነሆ ወንበር ላይ ናት!» እልልታው አዳራሹን ሞላው። ፓስተር ተረፈ ጫማውን ማየት ጀመረ። ፀዳለ ዞራ አየችኝ። ተነስቼ ልናገር ወይ ብዬ አላሰብኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ እንኳ ደክሞኛል። ሰዉ አሜን ሲል እኔም አልኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ወንበር አልበቃ ብሎ ከሾርባ ቤቱ ተዋስን። ሁሉም ደብዳቤ ፈላጊ ነው። አንዱ ከመጋዘን ወደ ቢሮ መዛወር ይፈልጋል፣ አንዷ የቀን ሺፍት ትፈልጋለች። ጋሽ መልከጼዴቅ በተራ እያስቀረበ ይጽፋል፤ እንደ ሐኪም። ሥራው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ምን ያምሃል ብሎ አይጠይቅም።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ይዞ የሚወጣውን ሁሉ እጠራዋለሁ። ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ እንዲያስገቡ እተዋቸዋለሁ፣ ቢበዛ ይሳቅባቸዋል። ከዚያ አድናን መጣ። አድናን የአወል ጓደኛ ነው፣ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ወገቡን በእጁ ደግፎ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ደረቱ ላይ እንደ ዲፕሎማ ይዞታል።

«ሥራ ልትቀይር ነው?» አልኩት።

«አዎ እህቴ፣ በር ላይ ቲኬት ወደሚታይበት። ወገቤ አልቻለም።»

«የሐኪም ወረቀት አለህ?»

«አለኝ፣ ባለፈው ወር ነው የጻፈልኝ።»

«እሱን አስገባ። ይሄን እንዳታስገባ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ምን አለው? ጋሽዬ ሲያነቡልኝ አልቅሼ ነበር እኮ።»

«የማትደክም፣ የማትሰበር፣ አቅምህ የማያልቅ ነህ ይላል።»

ትንሽ አሰበና ሳቅ አለ፤ ሳቁ ወገቡን ስላመመው አቋረጠው። «ታዲያ ለማን ላሳየው?»

«ለሚስትህ» አልኩት፣ ቀጥሎ የሚወጣውን እያየሁ።